ከዛሬ እስከ ዛሬ

ሬሳው ገና ከወለሉ ሳይነሳ ገዳይዋ ተገኘች ተባለ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ማሾ ከየገጠሩ ወደ ከሚሴ የሚጎርፍበት ወቅት ነው። በዚያ ሐሙስ ማለዳ ምክትል ኢንስፔክተር ዓዲላ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ወዳለው የሐጂ አብዱልጀባር የእህል መጋዘን ስትደርስ፣ ደጁን የሞላው ሰው መንገድ የለቀቀላት እየተነጫነጨ ነበር። ሴት መርማሪ መላክ ለሟቹ ንቀት ነው ያለም አልጠፋ። በሕዝቡ መሀል ሁለት ፖሊሶች አንዲት ወጣት ሴት ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ቆመዋል። ረቢአ ትባላለች፤ የመጋዘኑ መዛኝ ናት። ጠዋት ቢሮውን ከፍታ ሐጂን ወድቀው ያገኘቻቸው እሷ፣ ጮኻ ሰፈሩን የጠራችው እሷ፤ አሁን የምትረገመውም እሷው።

«ባሌን በላሽው! አንቺ ጋለሞታ!» የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አሻ ሊደርሱባት ይታገላሉ። «ጣውንት ልትሆኝብኝ ስትቋምጪ ከርመሽ፣ እንቢ ሲልሽ ገደልሽው!»

«ወላሂ አልነካኋቸውም» አለች ረቢአ። «ልጄ አሞት ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ጡት አልጠባም። እባካችሁ ልጄን አምጡልኝ።»

የሰማት የለም። የሟቹ ዘመዶች ዱላቸውን ይዘው ከአጥሩ ሥር ተደርድረዋል፤ የረቢአ ወንድሞች ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያፈጣሉ። ዓዲላ ሁለቱንም ወገን አየችና በዚህች ልጅ ላይ በስህተት ቢፈረድባት አንድ ቀብር እንደማይበቃ ገባት። በዚህ አገር ደም የሚቆጠረው ከሁለት ወገን ነው።

ቢሮው ጠባብ ነው። ሐጂ ከጠረጴዛው ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ከራሳቸው አጠገብ አምስት ኪሎ የሚመዝን የሚዛን ድንጋይ ወድቋል። ፍንከታው ከኋላ ነው። መብራቱ እንደበራ፣ ኮምፒውተሩም እንደተከፈተ አድሯል። የመስገጃው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። ዓዲላ ስትወጣ ከበሩ ደፍ አጠገብ ያለችውን፣ ለሶላት የሚታጠቡባትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ አነሳቻት፤ እስከ አንገቷ ሙሉ ናት። መልሳ አስቀመጠቻትና የመጋዘኑን ጥበቃ ጠራች።

ጋሽ ኑርሁሴን የሚፈሩ ሳይሆን የሚያኮርፉ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም በሉ እንጂ ጋሽ ኑርሁሴን» አለች በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ምን አካም አለ! ሰው ሞቶ።»

«ትናንት ማታ ማን ማን መጣ?»

«ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወንድማቸው ዘይኑ መጣ። ተጯጯኹ፤ ምን እንደተባባሉ ሂንቤኩ፣ አላውቅም። እሱ ሲወጣ አማቻቸው ሪድዋን ገባ፣ የልጃቸው የኢክላስ ባል። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሰንበቴ ከተማ ሰርግ አለብኝ ብሎ በሞተሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣ። ለማታው ሶላት ለዒሻ መስጊድ ሄጄ፣ ከሰው ጋር ሳወራ ቆይቼ ስመለስ፣ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ይህቺ ረቢአ ከግቢው ስትወጣ አገኘኋት። እየተጣደፈች ነበር።»

«ጀንበር ስትጠልቅ ሐጂ መግሪብን የት ሰገዱ?»

«እዚሁ ነዋ! ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ መስጊድ አይወጡም። ውሃውን እኔ ነኝ የምሞላላቸው። ትናንትም ሪድዋን ውስጥ እያለ ሞልቼ ደጁ ላይ አስቀመጥኩ። በመግሪብ ውዱእ ዒሻንም ይሰግዳሉ። በማሾ ወቅት ሥራ ስለሚበዛ እዚሁ ያድራሉ።»

«ከዚያ በኋላ ደግመው ሞልተዋል?»

«አልሞላሁም። ምን ታደርቂኛለሽ?»

ዓዲላ ረቢአንም ጠየቀቻት። ረቢአ እንዳለችው፣ ልጇን ትኩሳት ስለያዘው ለነገው ፈቃድ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። መብራት አይታ አንኳኳች፤ መልስ ስታጣ ሐጂ ሶላት ላይ ናቸው ብላ ትንሽ ጠበቀች፤ የልጇ ነገር ቢያስጨንቃት ተመለሰች። ጠዋት የማሾ መኪና ሳይገባ ልድረስ ብላ ማልዳ መጥታ በቁልፏ ከፈተች።

ይህን ስትናገር አንድ ሞተር ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። የወረደው ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ሪድዋን የመጋዘኑ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ ስለመጣ ከሚሴን የሚያያት ከላይ ወደታች ነው። ኢናሊላሂ አለ፤ ፊቱን በመሀረብ ሸፈነ፤ ከመሀረቡ ሲወጣ ግን የጠየቀው ስለ ሬሳው አልነበረም።

«ኮምፒውተሩ እንዳይነካ። ቆይ ልግባና ለደንበኞቻችን ላሳውቅ።»

«አሁን አይቻልም። ይታሸጋል።»

«ሥራ ይበላሻል! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሥራው ይጠብቅ» አለች ዓዲላ። «ሐጂን በሕይወት መጨረሻ ያየሃቸው አንተ ነህ ይባላል።»

ሪድዋን ፈገግ አለ፤ ለሐዘን ቤት የማይሆን ፈገግታ። ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ሐጂ ማታ ማታ የቀኑን ገቢ እህል ሪፖርት ለአዲስ አበባው ላኪ ድርጅት በኢሜይል ይልካሉ። በገዛ እጃቸው፤ ሰው አያምኑም። ግልባጩ ለእኔም ይደርሰኛል። ይኸው የትናንቱ፤ ማታ ሁለት ሰዓት። በዚያ ሰዓት እኔ ሰንበቴ ላይ ከሰርገኛ ጋር ቁጭ ብያለሁ። መንደሩን ሙሉ ጠይቂ። በሁለት ሰዓት እዚህ የነበረችውን ደግሞ ይዛችኋታል።»

ነገሩ ለአለቃዋ ለኮማንደሩ ጠግቦ እንደመተኛት ተስማማው። በሁለት ሰዓት ሟቹ ሪፖርት ልኳል፤ በሁለት ሰዓት መዛኟ ከግቢው ወጥታለች፤ ሐኪሙ እንደሆነ ምሽት ላይ ከማለት በቀር ሰዓት አልሰጠም።

«አለቀ ዓዲላ። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሂድ።»

«እስከ ነገ ማታ ይስጡኝ። ልጁም ይምጣላት፤ የሚጠባ ሕፃን ነው።»

«እስር ቤቱ የሕፃናት መዋያ አይደለም። እስከ ነገ ማታ ግን ሰጥቼሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቀን አልጨምርም።»

ሐጂ በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ዓዲላ ለቅሶ ቤት ገባች። ዘይኑ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ከድንኳኑ ጥግ ይዟት ወጣ፤ ያስወጣት በሉት ይቀላል።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልትጠይቂኝ ነው?»

«ትናንት ስለምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ኢክላስ! ያ የተማረ ነኝ ባይ እጇን ሰብሮ ወደ አባቷ ቤት ሲሰዳት፣ ወንድሜ ‹ትዳር ነው› እያለ ስንት ጊዜ አለፈው። ትናንት ሰደብኩት። በመጨረሻ እሺ አለኝ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ሰብስቦ ሊያፋታት ነበር። ‹ለሪድዋን ዛሬውኑ እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነው የተለያየነው።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ቤቴ፤ ብቻዬን። ምስክር የለኝም። ከፈለግሽ እሰሪኝ!»

«ኮምፒውተር ትነካለህ?»

«ያንን ሳጥን? አቦ ተይኝ!»

ከሴቶቹ ወገን ኢክላስ እጇ በጀሶ ታስሮ ተቀምጣለች። ዓዲላ አጠገቧ ተንበርክካ «ማን ሰበረሽ?» አለቻት በቀስታ። ኢክላስ አቀርቅራ «ወደቅሁ» አለች።

«ወደቀች አለችሽ!» ወይዘሮ አሻ ከኋላ ጮኹ። «ገዳይዋን ትተሽ የልጄን ትዳር ልታፈርሺብኝ ነው? ውጭልኝ!»

ዓዲላ ወጣች። ከሰዎቹ ቁጣ ይልቅ ያቺ ሙሉ ማንቆርቆሪያ ነበረች እንቅልፍ የነሳቻት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ። ደዋይዋ ሪሀና ትባላለች፤ በአዲስ አበባው ላኪ ድርጅት የሐጂን ሪፖርት የምትቀበለው ሠራተኛ ናት። ዓዲላ ሐሙስ ዕለት ደውላላት የተለየ ነገር ካየሽ አሳውቂኝ ብላት ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐጂ በእርግጥ ሞተዋል?»

«ትናንት ተቀብረዋል።»

«ታዲያ ትናንት ማታ ሪፖርት የላከልኝ ማነው?»

ዓዲላ ከወንበሯ ተነሳች። ቢሮው ታሽጎ በሩ ላይ ፖሊስ ነው ያደረው። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሁለት ሰዓት፤ ልክ እንደ ረቡዕ ማታው። ሐጂ እኮ ሰዓት የላቸውም፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የሚልኩት። ደግሞ ቀኑ…»

«ቀኑ ምን ሆነ?»

«ልክ ነው።»

«ልክ መሆኑ ምን ያስገርማል?»

«ሐጂ ልክ ሞልተውት አያውቁማ! የረቡዕን ሪፖርት ‹ከረቡዕ እስከ ሐሙስ› ብለው ነው የሚልኩት። ‹ሐጂ፣ ነገ እኮ ገና አልመጣም› ስላቸው፣ ‹ለእናንተ ነው ያልመጣው፤ እዚህ ጀንበር ጠልቃለች› ይሉኛል። ስንቴ ተጨቃጭቀናል መሰልዎ። የረቡዕ ማታው ግን ‹ከረቡዕ እስከ ረቡዕ› ይላል፤ የትናንቱም ‹ከሐሙስ እስከ ሐሙስ›።»

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል። በእነ ሐጂ ቤት ቀን የሚለወጠው በመግሪብ ነው፤ ሐሙስ ማታን የጁምዓ ሌሊት እንጂ የሐሙስ ሌሊት የሚለው የለም። ባቲ ተወልዳ ያደገችው ዓዲላ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። ሐጂ ማታ ቁጭ ብለው «እስከ» የሚለውን ቦታ ሲሞሉ፣ ያ ሰዓት ለእሳቸው ነገ ነው።

ማኅተሙን አስነስታ ብቻዋን ገባች። እህል የሚመዘገብበትንና ሪፖርት የሚላክበትን ፕሮግራም ሠራተኛው ሁሉ በሐጂ ስም ነበር የሚከፍተው፤ ማን ምን እንደነካ አይለይም። የሪፖርቱን ገጽ ፈልጋ አገኘችው። ቀን በሚሞላበት ቦታ ወይ ቁርጥ ያለ ቀን ይጻፋል፣ አለዚያም «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «ነገ»፣ «ያለፈው ሳምንት» ከሚሉ ቃላት አንዱ ይመረጣል። ቃሉ ከተመረጠ ማንም መንካት አያስፈልገውም፤ ፕሮግራሙ በላከ ቁጥር «ዛሬ» የሚለውን በዚያን ዕለት ቀን እየተካ ይሄዳል። ከሥሩ የመላኪያው ጊዜ ተቀምጧል። ምርጫው ሦስት ብቻ ነው፤ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ። የተመረጠው በየቀኑ ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት፤ ከዛሬ እስከ ዛሬ።

ምንም ሳትነካ ወጣች። ሪድዋን ደጁ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ዛሬስ አትፈቅጂም? ደንበኛ እያጣን ነው!»

«ቆይ እንጂ። ሐጂ የሚልኩት ሪፖርት ቀኑ እንዴት ነው የሚሞላው?»

«ከዛሬ እስከ ዛሬ ነዋ! የቀን ሪፖርት ሌላ ምን አለው? ይህንንም ላስተምርሽ?»

«አመሰግናለሁ» አለች ዓዲላ። «ማታ ከዒሻ በኋላ ሁላችሁም እዚህ እንድትገኙ።»

ሁሉም መጡ፤ አንዳቸውም በደስታ አልመጡም። ወይዘሮ አሻና ኢክላስ ከግድግዳው ሥር፣ ዘይኑ በሩ ላይ፣ ጋሽ ኑርሁሴን ከደፉ ውጭ፣ ሪድዋን ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ኮማንደሩ በሟቹ ወንበር ላይ። ረቢአ በፖሊስ ተይዛ ስትገባ ወይዘሮ አሻ ተፉ።

«ከማንቆርቆሪያዋ ልጀምር» አለች ዓዲላ። «ጋሽ ኑርሁሴን ለመግሪብ ውሃ ሞልተው ደጁ ላይ አስቀመጡ። ጠዋት ሳነሳት ሙሉ ነበረች። ሐጂ መግሪብ አምልጧቸው ያውቃል፣ ወይዘሮ አሻ?»

«እሱ? በሽታ ላይ ሆኖ እንኳ አያልፈውም!»

«እንግዲያ መግሪብ ሳይደርስ ሞተዋል። ሬሳ ውዱእ አያደርግም።»

«ሪፖርቱስ?» ኮማንደሩ ተቆጣ። «በሁለት ሰዓት የላከው ማነው?»

«የትናንት ማታውን የላከው ራሱ ነው። ሐጂ ከተቀበሩ በኋላ፣ ከዚህ ከታሸገ ክፍል፣ በሁለት ሰዓት ሌላ ሪፖርት ተልኳል። ዛሬም ይላካል። ሰዓትዎን ይመልከቱ፣ ኮማንደር።»

ሪድዋን እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ሰደደ። ዘይኑ ቀድሞ ክንዱን ያዘው። «ምን አጣደፈህ?»

የወይዘሮ አሻ መቁጠሪያ ብቻ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ የዓዲላ ስልክ ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ኢንስፔክተር፣ አሁን ገባልኝ» አለች ሪሀና። «ከዓርብ እስከ ዓርብ ይላል።»

«አዑዙቢላህ!» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን ወደኋላ እያፈገፈጉ።

«ጂን አይደለም» አለች ዓዲላ። «በየቀኑ በዚህ ሰዓት ላክ ተብሎ የታዘዘ ፕሮግራም ነው።»

«ታዲያ ሐጂ ራሳቸው አዘውት ይሆናላ!» ሪድዋን ጮኸ። «ይህ ምን ያስረዳል?»

«ቀኑ ያስረዳል። ትእዛዙ ‹ከዛሬ እስከ ዛሬ› ይላል። ሐጂ ከመሸ በኋላ ዛሬ ብለው አያውቁም፤ ለእሳቸው ነገ ገብቷል። በዚህ ከአዲስ አበባ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። ቢያዙት ኖሮ ‹ከዛሬ እስከ ነገ› ይሉት ነበር፤ ፕሮግራሙም ‹ነገ› የሚል ቃል አለው። የረቡዕ ማታው ሪፖርት ስህተት የለበትም፤ ስለዚህ የሐጂ አይደለም። እንዲህ የሚሞላው ቀን በእኩለ ሌሊት ይለወጣል ብሎ የተማረ ሰው ነው። ‹የቀን ሪፖርት ሌላ ምን አለው?› ያለኝ ሰው።»

«እሷም ኮምፒውተር ትነካለች!» ሪድዋን ወደ ረቢአ ጠቆመ።

«ትንካ። በሁለት ሰዓት ሐጂ በሕይወት ነበሩ መባሉ ማንን ይጠቅማል? ረቢአ በሁለት ሰዓት ደጁ ላይ ናት፤ ለእሷ ገመድ ነው። ዘይኑ ብቻውን ቤቱ ነው፤ ለእሱ የሚፈይደው የለም። በሁለት ሰዓት መንደር ሙሉ ምስክር ይዞ የተቀመጠው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሐጂን በመጨረሻ አይቷል፤ መብራቱን እንደበራ ትቶ በሩን ቆልፎ ሄዷል። ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ትእዛዙን ሊሰርዝ አስቦ ነበር፤ ለአንድ ቀን ብቻ ላክ የሚባል ምርጫ የለማ። ረቢአ ቀደመችው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን ክፈቱልኝ እያለ ሲለምነኝ ሰንብቷል።»

«የምን ምክንያት አለኝ? አማቴ ናቸው!»

«ረቡዕ ከዘይኑ በኋላ ስትገባ ምን ነገሩህ?»

የመለሰችው ኢክላስ ናት፤ ከግድግዳው ሥር ቀስ ብላ ተነስታ በጀሶ የታሰረ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«አልወደቅሁም እማ» አለች። «እሱ ነው። አባዬ ሊያፋታኝ እንደሆነ ረቡዕ ጠዋት ነግሮኛል። ፈርቼ ዝም አልኩ፤ አንቺም ዝም በይ ስትይኝ ኖረሻል።»

«አንቺ የእኔ ነሽ!» ሪድዋን ዘይኑን ገፍትሮ ወደ እሷ ተወረወረ። «እሱ ማነውና ነው የሚወስድሽ? ያ ቀን መቁጠር የማይችል ሽማግሌ፣ ‹ልጄንም መጋዘኔንም ልቀቅ› ይለኛል? እኔን! ጀርባውን ሰጥቶኝ ሒሳቡን ቀጠለ እኮ! እንደ ተላላኪ!»

የቀረውን አልጨረሰም። ፖሊሶቹ ሲጥሉት ጠረጴዛው ተገለበጠ። ኮማንደሩ ኮፍያውን አስተካከለ፤ ረቢአን እንዲለቋት በአገጩ አመለከተና ወጣ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ረቢአ የተያዘ ክንዷን እያሸች ወደ በሩ ሄደች። ወይዘሮ አሻ መንገዷ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ሐዘን አሳውሮኝ ነው፤ ለአላህ ብለሽ አውፍ በይኝ።»

ረቢአ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጡቴ ደርቋል እትዬ አሻ። ሌሊቱን ሲወጋኝ አደረ፤ ዛሬ ጠዋት ደረቀ። አውፉን ልጄን ይጠይቁት። አፍ ሲፈታ እሱ ይመልስልዎታል።»

አልፋቸው ወጣች። ዓዲላ መኪና አለ፣ ቤትሽ ላድርስሽ ብላ ተከተለቻት። ረቢአ ሳትዞር፣ ፖሊስ ደጄ እንዳይደርስ አለችና በጨለማው ውስጥ ወደ ልጇ ሮጠች።